ቅቤ የጠጣው ሰረገላ

ጥር ፬ ቀን ፲፰፻፶፮
ብራና ስፍቅ ዋልኩ። ማታ ላይ አለቃ ገብረየሱስ የደብሩን ሰው ሰበሰቡ። የቤተ ክርስቲያኑን የጣሪያ ግንድ ከገሳይ ደን የሚያመጣ ሰረገላ ይገዛ አሉ። በትከሻ ከሆነ ክረምቱ ይቀድመናል። አንድ ነጋዴ በምጽዋ በኩል የፈረንጅ ሰረገላ አስመጥቷል... ብረቱ ፊት ያሳያል።
ሁሉም አፉን ከፈተ። እኔ ግን ጓደኛዬ ማሩ ትዝ አለኝ። ጋፋት መንኮራኩር መሥራት የተማረ ቀጥቃጭ ነው። ሥራ አጥቶ ከሚስቱ ከእቴነሽ ጋር ሊሰደድ ጓዙን አስሯል። ከሱ እንግዛ አልኩ።

ጥር ፯
ክርክር። የአገራችን ሠራተኛ ይብላ አልኩ። አለቃ፣ የነጋዴው በቅሎ ነጂዎች የኛው የአንበሳሜ ልጆች አይደሉም ወይ፣ እነሱስ አይበሉም አሉኝ። እውነት ነው። በማሩ ግን ወይራ ቆራጩም ከሰል አክሳዩም ይበላል፤ የፈረንጁ ሲሰበር ለጥገና ምጽዋ ልንልከው ነው? አልኩ። ሳቁ።
ተወሰነ። ማሩ ይሥራ፤ በገሳይ ቁልቁለት ይፈተን። ካቃተው የነጋዴው ይገዛል። ሮጬ ነገርኩት።

ጥር ፳፭፣ ማክሰኞ
አለቀ! ቁልቁለት ላይ መንኮራኩሩን አንቆ የሚይዝ እንጨት አበጅቶለታል። ዙሪያውን ስዞር ዋልኩ። እቴነሽ ምሳ አቀረበች። ጾም ነኝ አልኳት።
ማክሰኞ ምን ጾም አለው? የቀጥቃጭ ማረሻ እንገዛለን፣ ገበታው ላይ ግን አንቀመጥም። ቡዳ ነው ይባላል። እኔም ፈራሁ?

የካቲት ፫
ነገ ፈተና ነው። አዲስ ዕቃ ደረቁን አይወጣም፤ ባለቤቴ ውዴ አንድ ቅል ቅቤ ሰጠችኝ። ማሩ ከሰል ሊያመጣ ሄዶ ነበር፤ ብቻዬን ቀባሁት። ከመንኮራኩሩ እስከ ማነቂያው እንጨት የቀረኝ የለም። እንዴት ያምራል!

የካቲት ፬
ጉድ ሆንኩ። ድንጋይ ጭነን፣ በሬዎቹን ፈትተን ለቀቅነው። እንጨቱ ያዘ... አሟለጨው። ሰረገላው እየጋለበ ገብስ ማሳ ገባና ቆመ። ሰው አልተነካም።
አንዱ ከኋላ "የቡዳ እጅ" አለ። ማሩ እንጨቱን ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ዝም ብል የሚሰደደው እሱ ነው...
"አባቴ፣ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው አለቃን።
እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በአመድ ይታሸት፣ ነገ ይደገም አሉ።

የካቲት ፭
ቆመ! ቁልቁለቱ መሐል እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ አለ! ተገዛ። ማሩ አይሄድም! ነጋዴው ራሱ ለፈረንጁ ሰረገላ ያንን እንጨት ግጠምልኝ ብሎ ለምኖታል።
ስንመለስ ማሩን፣ ትናንት ስላላጋለጥከኝ ብዬ አመሰገንኩት። ቆም አለ።
"ሰረገላዬን አምነህ ተሟገትክልኝ። ገበታዬን ግን ትፈራለህ።"
ዓርብ ነው፤ ጾም ነኝ ብል እውነት ነበር። አላልኩም። ነገ ከውዴ ጋር እመጣለሁ አልኩት።

የካቲት ፮፣ ቅዳሜ
ማሩ ቤት በላን። መጀመሪያ እጄን ወደ ገበታው ለመስደድ ዘገየሁ... እቴነሽ አይታለች መሰለኝ፣ አጎረሰችኝ። ወጡ ቅቤ በቅቤ ነበር። ማሩ "ይኼንንስ አንተ አልቀባኸውም" አለኝ። ስንስቅ አንድ ጎረቤት በደጅ ሲያልፍ ቆሞ ተመለከተን። በሩን አልዘጋንም።