ሶዳ የማይገድላት

ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.
ዛሬም ሙቀት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን ወደ ሐይቁ ከሚወርደው ቦይ ያመጣሁት ጭቃ ላቦራቶሪዬ ውስጥ አረፋ እያወጣ ነው። ቆዳ በሚልጥ ሶዳ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? የእኔዋ ግን ደልቷታል! ስታርች ሰጠኋት። አዮዲን ጠብ ባደርግበት እንደ ስታርች ሰማያዊ አልሆነም... በልታዋለች። ሲሸመን እንዳይበጠስ ድሩ ላይ የሚለቀለቀውን ስታርች ለማጠብ ከውጭ ኢንዛይም እንገዛለን፤ ይቺ እዚሁ ደጃችን። በጥጥ ላይስ መሞከር የለብኝም? ይደርሳል።

ጥር 10
ከተራ። ሁሉም ለመውጣት ይቻኮላል። ያራባሁትን በጀሪካን ይዤ ማጠቢያ ክፍል ወረድሁ። የገንዳው ኃላፊ ጋሽ ዳኘው፣
«ምንድን ነው ልጄ?»
«ስታርች ማውጫ ነው፣ ጋሼ።»
«ታዟል?»
«አዎ።»
አልታዘዘም። ጨርቁ የተዘፈዘፈበት ገንዳ ውስጥ ገለበጥሁት። ከበዓል ስንመለስ ሁሉም ጉድ ይላል።

ጥር 13
ጉድ ተባለ። ጨርቁን ሲጎትቱት እንደ ራሰ ጋዜጣ እጃቸው ላይ ቀረ። ለሚሊሺያ ልብስ የተባለው ሁሉ። የምትበላው ስታርቹን ብቻ መስሎኝ... ጥጥም እኮ እንደ ስታርቹ ከስኳር የተሳሰረ የተክል ቃጫ ነው! እንዴት አላሰብሁም?
የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ አካሉ፣ «ለበዓሉ ገንዳውን ማን ዘግቶ ወጣ?»
«እኔ» አሉ ጋሽ ዳኘው።
«የኢኮኖሚ አሻጥር!»
የአብዮት ጥበቃዎች ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው። ሲያልፉ ዐዩኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ጥር 14
ላቦራቶሪ ገብቼ ለባክቴሪያዋ ስታርች ጨመርሁላት።

ጥር 15
የጋሽ ዳኘው ባለቤት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ምሳቸውን በመሐረብ ቋጥረው ቀበሌው በር ላይ አገኙኝ።
«አንቺ እዚያ አይደል የምትሠሪ? ምን አጠፋ ነው የሚሉት?»
«አላውቅም፣ እትዬ።»
አፌ እንዴት ታዘዘልኝ? ሰኞ ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ያሻግሯቸዋል አሉ።

ጥር 16
ቀበሌ ሄድሁ። ሁሉንም ለእነ ጓድ አካሉ ነገርኋቸው። ሳቁ!
«በዐይን የማትታይ ፍጥረት ይህን ሁሉ ጨርቅ ዋጠች? ሶዳ ውስጥ ተቀምጣ?» አለ ጓድ አካሉ። «ልትሸፍኚለት ነው እንጂ!»
ሁለት ብርጭቆ አስመጣሁ። በሁለቱም ሶዳና ቁራጭ አቡጀዲ፤ በአንዱ ብቻ እሷን። እነሱው ቆለፉበት። እስኪታይ ማሻገሩ ይቆይ ተባለ።

ጥር 18
በባዶው ሶዳ የቆየው ጨርቅ ደህና ነው። የእሷን ጓድ አካሉ በጣቱ ነካ ቢያደርገው ተበጠሰ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ዳኘው ይፈቱ ተባለ።
ደስ አለኝ። ግን መጀመሪያ ልቤ ያለው «ተፈቱ» አይደለም... «ትሠራለች!» ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥር 20
ከላቦራቶሪ አስወጡኝ። ምድቤ ማጠቢያ ክፍል፣ ገንዳ ፈግፋጊ፤ አለቃዬ ጋሽ ዳኘው። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።
«ጋሼ... ስሜን ለምን አልነገሯቸውም?»
ብሩሹን አቀበሉኝ።
«ራሷ ትመጣለች ብዬ ነዋ። መንገዱ ራቀሽ?»
ቀበሌው ከፋብሪካው አጥር ጋር የተያያዘ ነው።