መምቻ የሌለው ሽጉጥህ

አባዬ፣

ከተለየኸን መንፈቅ ሞላ። ትናንት ፍትሐትህን አስፈትተን ተመለስን። ገብሱ ዘንድሮ ሸጋ ነው። ዳለቻው በሬህ ግን አንተ ካልጠራኸው አልነሣም እያለ እማዬን ያማርራታል። እኔም በቅርስ ጥበቃ ዲግሪዬ ከኮሶዬ ጎንደር እየወረድኩ የሥራ ማመልከቻ አስገባለሁ፤ አልታከተኝም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ሽጉጥህ ነው።

ለቅሶህ ላይ ወንድምህ አያ ታከለ፣ የሟች መሣሪያ ሳይወጣ አይለቀስም ብሎ የቅድመ አያትህን ሽጉጥ ከሣጥንህ አወጣው። ጎኑ ላይ ሚስማር የበቀለበት ጥይት የሚጎርሰውን፣ ያን አሮጌ። ከፍ አድርጎ ይዞት ዞረ። አልቃሹ አደነቀ፤ የቀበሌው ሚሊሻም አየ። በሣልስትህ መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ካለ በኋላ «ፈቃዱስ?» አለ። ፈቃድ የታባቱ። አንተ «ጥይቱ ከዓለም ላይ ጠፍቶ ምን ፈቃድ ይሻል» ትል አልነበር?

ሽጉጡ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። አያ ታከለ «ተይው ልጄ፣ ብረት ነው» አለኝ። እንዴት እተወዋለሁ? በየጥምቀቱ ዋዜማ አብረን ዘይት እየነካን የወለወልነውን? ለትምህርቴ መነሻው እሱ አይደል? የጣቢያው ኃላፊ ደግ ሰው ነው፤ ግራ ገባው እንጂ። «እኔ የማውቀው መሣሪያ ያለ ፈቃድ ቤት እንዳይቀመጥ ነው። ቅርስ ነው ካልሽ፣ ቅርስ ነው የሚል ወረቀት አምጪ» አለኝ። ለዚያ ወረቀት ያልረገጥኩት ደጅ የለም።

በመጨረሻ ከጎንደር የቅርስ ባለሙያ መጣ። አገላብጦ አየና፣ «መምቻው፣ ጥይቱን የሚመታው ብረት፣ የለም። ይህ ከተገኘ ሙሉ ቅርስ ነው» አለኝ። እኔ በእርጅና የወደቀ ይመስለኝ ነበር።

ለንስሐ አባትህ ለቄስ ገላው ብነግራቸው ወደ ቤት ገቡ፤ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ። «ካለፍኩ በኋላ ለልጄ ብሎኝ ነበር» አሉ። መምቻው ነው። አያ ታከለ በመሬት ድንበር ከጎረቤት የተጣላ ጊዜ ሽጉጡን ከአንተ ሊወስድ መጥቶ ነበር አሉኝ። ያኔ አራት ጥይት ቀርቶት ነበር። አንተ «ነገ ና» ብለኸው፣ መምቻውን ፈትተህ ለእሳቸው አስያዝህ፤ በማግስቱ «ተሰብሯል» አልኸው። እሱም «ብረት መያዝ የማያውቅ» እያለ በየድግሱ ሲዘልፍህ ኖረ። እኔ ራሴ ሰምቼ ስቄያለሁ፣ አባዬ። አንተ ጠላህን ትጠጣ ነበር። ዛሬ አያ ታከለና ያ ጎረቤት በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ።

መምቻውን ለቄስ ገላው መለስኩላቸው። ሙሉ ቅርስ አይሁን።

ወረቀቱ ወጣ፤ ሽጉጥህ በቅርስነት ተመዘገበ። ቤት ግን አይመለስም፤ ጎንደር ሙዚየም በመስተዋት ውስጥ ይቀመጣል። ቤት እንዲመለስ ነበር የለፋሁት፤ ከፋኝ። ከሥሩ የሚለጠፈውን ጽሑፍ እኔ እንድጽፍ ፈቀዱልኝ። «መምቻው ጠፍቷል በይ» አሉኝ። እኔ «መምቻውን ባለቤቱ ፈትቶታል» ብዬ ጻፍኩ።

እኔ እያለሁ ይህ አይረሳም። ለፋሲካ አያ ታከለን ይዤው እወርዳለሁ። መስተዋቱ ፊት ቆሞ ለምን እንደፈታኸው ይጠይቀኝ።

ልጅህ