በረኛው ሲገቡ ጨዋታው አቻ ያልቃል

አስር ቁጥሩ ወዳጄ፣

ደህና ነህልኝ? ይቺ ፖስት ካርድ ጠባብ ናት፤ እኔ ግን ዛሬ አንድ ነገር አይቼ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

በእንግድነት የመጣሁበት ከተማ ፀጉር ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ተራ ጠባቂዎቹ ክለባቸው ድሮ የተሸነፈበትን የዋንጫ ጨዋታ እያነሱ ይንገበገባሉ። ልክ እንደ እኛ ሰፈር ሰው፣ ቁስላቸውን ካልነካኩ ቀኑ አይመሽላቸውም። አንዱ ጡረተኛ ኳሷን በወሬ እያንከባለለ የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ሲደርስ በሩ ተከፈተና መዳፋቸው አካፋ የሚያህል አዛውንት ገቡ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቁሞ በከንፈሩ ፊሽካ ነፋ። "አለቀ! አቻ ነው!" ሁሉም ተጨባበጡ፤ ወረፋቸውንም ለአዛውንቱ ለቀቁላቸው።

እኔ ሞኙ "እንዴ፣ ጎሉስ?" ልል ስል አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ።

አዛውንቱ ፂማቸውን ተላጭተው ከወጡ በኋላ ተራዬ ደረሰ። አስተካካዩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣ "የዚያን ቀን በረኛችን እሳቸው ነበሩ። ኳሷ በእግራቸው መሃል ሾልካ ገባችባቸው። እሳቸው ባሉበት ግን አንድም ቀን ገብታ አታውቅም" አለኝ።

ወንድሜ፣ ከተማውን ሙሉ ዞሬ እንዲህ የሚያስደንቅ ነገር አላየሁም። እኛማ አንተ የሳትካት ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ስንደርስ ሳቃችን መንደሩን ያናውጠዋል።

ቦታ አለቀብኝ። እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን። ለሰፈሩ ልጆች ስመለስ እኔው እነግራቸዋለሁ፦ ከእንግዲህ ያቺ ወሬ ስትነሳ፣ አንተ ኳሷን ነጥቧ ላይ ስታስቀምጥ ፊሽካው ይነፋል።