ከውሃው ስትወጪ

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልጄ ዐርዋ። አላህ በሰው አገር ክፉ አያሳይሽ፣ ጉልበትሽን ይጠብቅልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አሶሳ ዝናብ ከያዛት ሰነበተ። ማንጎው ዘንድሮ ብዙ አፍርቶ ነበር፤ ዛፉ ላይ የሚወጣው ወንድምሽ ዋሊድ የለምና እየወደቀ እዚያው በሰበሰ።

አባትሽ መስጊድ ስላንቺ ሲጠይቁት «ለትልቅ ውድድር እየተዘጋጀች ነው፤ ብስክሌት ትነዳለች፣ ትሮጣለች» ይላል። መጀመሪያ ባሕር ውስጥ እንደምትዋኚ ግን አይናገርም። የዳቡስ ወንዝ ዋሊድን ከወሰደብን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ወንዝ የሚባል ነገር አይነሳም።

ተይው ልልሽ ስንቴ ስልኩን አንስቼ መልሼዋለሁ። ግን ያን ቀን ወንዙ ዳር ቆመን ስንጮህ ዋና የሚችል አንድ ሰው አልነበረም። አንቺም አይተሻል። ዋና ልማር ብለሽ ለአላህ ቃል ገብተሽ የጀመርሽውን እኔ እንዴት ላስፈርስሽ? ረመዳንን እየጾምሽ ስትለማመጂ መክረምሽን ስሰማ ደግሞ ጭራሽ አፌን ያዝኩ።

ብቻ ሰላትሽን አታሳልፊ፤ ለልምምድ ብለሽም ብቻሽን ውሃ አትግቢ። በሰላም ያስገባሽ፣ በሰላም ያውጣሽ።

ውድድር ላይ ስልክ አይያዝም ብለሽኛል። እባክሽ ልጄ፣ ለአንድ ሰው ቁጥሬን ስጪው፤ ከባሕሩ ስትወጪ ደውሎ «ወጣች» ይበለኝ። ያን ቀን ጾመኛ ነኝ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ቢደርስም ያቺን ቃል ሳልሰማ ውሃ አልቀምስም።

እናትሽ ዐዋጢፍ