ክረምቱ ይውጣና፤ የወይዘሮ የትምወርቅ አበጀ ሕይወት

ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ። በኅዳር ማለዳ ወይዘሮ የትምወርቅ ከመታየታቸው በፊት የሚሰማው ይህ ነበር፤ ከኮንጎ ጫማቸው ሥር የሚሰበረው ውርጭ። ገብሱ ተርፎ እንደሆነ ሊያዩ መውጣታቸው ነው። ተመልሰው ስለ ምንም ነገር ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ዘወትር ስለሚመጣው ወቅት ነበር። ልጆቻቸውንና ይህን የጻፈውን የልጅ ልጃቸውን ምንተስኖትን ዕድሜ ልክ ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ወይዘሮ የትምወርቅ ከአባታቸው ከአቶ አበጀ ትዕዛዙና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተኪዳን ቴዎፍሎስ በመንዝ፣ ዘመሮ አጠገብ፣ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን ሲጠየቁ «በረዶ የወረደ ሳምንት» ከማለት በቀር አልረዱንም። ከደብሩ የኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ሳይጀምሩ ለቤት ሥራ ተፈለጉ። በ1962 ዓ.ም. ከአቶ ተገኘ አብርሃም ጋር ተጋብተው አስፋውንና ሰርካለምን ወለዱ።

በ1977 ዓ.ም. በልጉ ቀረ፤ ሥራ ፍለጋ ቆላ የወረዱት አቶ ተገኘም በወባ ዐረፉ። በቤቱ የነበረው የዘር ገብስ ብቻ ነበር። ወይዘሮ የትምወርቅ ጆንያውን መደብ ላይ አጋድመው ተኙበት። ልጆቻቸውን ጎመን እያበሉ «ክረምቱ ይምጣና እንዘራዋለን» አሉ። ሰርካለም ዛሬም «እናቴ እኮ ከእኛ ገብሷን የወደደች ሴት ነች» ትላለች። ክረምቱ መጣ፤ ገብሱ ተዘራ፤ ሁለቱም ልጆች ተርፈው ለወግ ለማዕረግ በቁ። «ያኔ አልፈሩም ነበር?» ሲባሉ ግን «ዝናሙ ዘግይቶ ነበር» ይሉ ነበር። ስለ ዝናብ ማን ጠየቃቸው?

የዛሬ ሦስት ዓመት ምንተስኖት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ብቻውን ጉም ሲያይ ከረመ። የዚያን ዓመት ገብስም ውርጭ መታው። ልጁ የማጽናኛ ቃል ሲጠብቅ «አንተ ልጅ፣ ጉም ስታይ ጉም መሰልክ! የተመታውን ለበጎቹ እጨድ፤ ከዚያ በሬዎቹን ጥመድና መሬቱን ለበልግ ገልብጥ» አሉት። እያጉረመረመ አረሰ። በመጋቢት ያ ጥቁር መሬት ለመለመ። ልጁ ከማሳው ጫፍ ቆሞ ሲያይ መውደቁን ረስቶት ዋለ። ቀና ብሎ ቢያያቸው፣ አንድ ነገር ይሉኛል ብሎ ነው፣ አረሙን አሳዩት።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሆዳቸውን ታመሙ። ሰርካለም ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት እንሂድ ብላ ብትለምን «የበልጉ ገብስ ይታጨድና» አሉ። ታጨደ። «ክረምቱ ይውጣና» አሉ። ወጣ። አስፋው ከሞላሌ ከተማ መኪና ይዞ ሲመጣ «መኸሩ ይግባና» ብለው ሊመልሱት ነበር፤ አቅፎ አስገባቸው። ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው?» አለን። እኛን! ሕመሙ ሥር ሰድዶ ስለነበር ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በ1977 ዓ.ም. ቤቱን ያቆመው መጠበቅ ዘንድሮ እሳቸውን ወሰደብን። ሁለቱን አስታርቆ መጻፍ አልተቻለም።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለዳ በማሳቸው ዳር ተቀምጠው ዐርፈው ተገኙ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች አሏቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ውርጭ በማያገኘው አገር ያሳርፍልን፤ ለእኛም ትዕግሥታቸውን፣ ቢቻል እሳቸው ከነፈጉን ምላሽ ጋር፣ ያድለን።

ያን ማለዳ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተው ሳሉ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አጣፉ፤ ጫማቸውንም አደረጉ። ሰርካለም «እማዬ፣ በዚህ ውርጭ ወዴት ነው?» አለች። በልግ አላሉ፤ ክረምት አላሉ። በሩን ከፈቱ። ቅርጭ፣ ቅርጭ እያለ ራቀ።