መላኪያው የማይታይበት ስልክ

ሒባ፣
ጨለለቅቱ ሄጃለሁ። ሹሮ ድስቱ ውስጥ አለልሽ።

አንቺ ስለማታነሺላቸው አባትሽ ዛሬም ከገደብ ከተማ ለእኔ ደወሉ። ለሱቃቸው የሠራንላቸው የዕቃ ማዘዣ አፕ ላይ ትዕዛዙን መላኪያው ቁልፍ አልታይ ብሏቸዋል። ዓይናቸው ስለደከመ የስልካቸውን ፊደል አተልቀውታል፤ ትዕዛዙን የሚሞሉባቸው ሳጥኖች ከጽሑፉ ጋር እያደጉ መላኪያውን ከስክሪኑ በታች ገፉት። የሳጥኖቹን ቁመት ብወስነው ጽሑፉ ተቆረጠ። መላኪያው የተረፈውን ቦታ ይያዝ ብልም የተረፈ ቦታ የለም። ገጹ እንዲንሸራተት ባደርገውስ፣ ከታች ሌላ ነገር እንዳለ በምን ይወቁ?

"ፊደሉን ትንሽ ያሳንሱት" ብላቸው "ታዲያ በምን ዓይኔ ላንብበው?" አሉኝ።

እኔ አቅቶኛል። አንቺ ሞክሪው።
ባይሆንልሽም ደውዪላቸው። ዛሬ ስልኩን ሳይዘጉ "ሒባዬ" አሉኝ።
ሳላርማቸው አቤት አልኳቸው።

ኢክራ