ጋኑ ባና ይፈልጋል

ደጀኔ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እንዴት ከረምክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተስ ዐርፈሃል፣ መቀመጫ ያጣሁት እኔ ነኝ። ዓምዴን የምታነቡ ወዳጆቼም ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ ብቻ አትሳቁብኝ፣ እስካሁን አፍራለሁ። ባለፈው ዓመት እዚሁ መንዝ፣ የባለቤቴ አገር ላይ፣ የሚካኤልን የማኅበር ጽዋ ከብርጭቆ ጋር ላጥበው አንሥቼ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዐሥራ ሁለት ማኅበርተኛ፣ ዐሥራ ሁለት ወር፤ የአንተ ተራ ኅዳር። በሞትክ በሦስተኛው ወር እኅትህ እትዬ አስካለ በስምህ ደገሱ። ተበላ፣ ተጠጣ። እኔ የከተማዋ ምራት ሥራ ወዳድ ለመምሰል ዘልዬ ተነሣሁና ብርጭቆውን ስሰበስብ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ የተቀመጠውን የሸክላ ጽዋም አብሬ ላፍ አደረግሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የማኅበሩ አለቃ ጋሽ በላቸው፣ ሙሴ የሚሏቸው፣ እጄን አዩና፣ “በሉ እንግዲህ፣ የደጀኔ ቦታ ሰው አገኘ። በሟች ተራ ጽዋውን ያነሣ ቦታውን ወሰደ ነው ሥርዓቱ” አሉ።

አንዲት ባልቴት ከጥግ ሆነው፣ “ኧረ ልጅቱ ልታጥበው ነው!” ቢሉ፣

“ትጠበዋ! የደገሰ አይደል የሚያጥበው?” አሏቸው ጋሽ በላቸው። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔማ ከሳቁ ይልቅ የአንተ ቦታ የእኔ መሆኑ ልቤን ነፋውና፣ “ለከርሞ ጠላውንም በእጄ እጠምቃለሁ” ብዬ ዐረፍኩት! እትዬ አስካለ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “አንቺ? ሻይ የምታሳርሪው?”

ቀልድ አይምሰልህ። የታችኛው ሰፈር ባለወፍጮ ማኅበሩ ውስጥ ለመግባት ሦስት ዓመት ደጅ ጠንቷል። ጋሽ በላቸው አስቀድመው ነግረውኛል፤ ዘንድሮ ድግሱ ከጎደለ ቦታው ለእሱ ይሰጣል፣ በየወሩ በጸሎቱ ላይ ከሚጠሩት ሙታን ውስጥ ስምህ አይኖርም።

እናም መጥቻለሁ፤ ከመጣሁ ሰነባበትኩ። ብታይ አገርህ ሌላ ሆኗል። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለችው ጉብታ ኔትወርክ ትይዛለች አሉ፤ የአገሩ ወሬ ሁሉ አሁን እዚያ ወጥቷል፣ ሴቱ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይጮኻል። የማን ልጅ አረብ አገር እንደሄደች፣ ማን ከማን እንደተጣላ እኔም እዚያው ሰማሁ። ቀበሌው ደግሞ ለነገ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ጋሽ በላቸው በከዘራቸው ተደግፈው ሄዱና፣ “ሚካኤልን ለሰኞ አዛውሩትና እኛስ እንመጣለን” አሏቸው። ስብሰባው ራሱ ለሰኞ ተዛወረ።

እሳቸውን ባየሁ ቁጥር ያ የገና ጨዋታ ትዝ ይለኛል። በተጋባን ዓመት ሜዳው ላይ ዱላህን ትከሻህ ላይ ጥለህ፣ ፊት ለፊታቸው ቆመህ፣

የላይ ሰፈር ጎበዝ ምን ይሆን በሽታው፣
ሩር ያየ እንደሆነ ይጠፋል ከቦታው

ስትል እኔ ሙሽራዋ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ያን ዕለት ራታችንን የበላነው እሳቸው ቤት ነበር! ምርጡን ሥጋ ያጎረሱህም እሳቸው።

ወደ ጭንቀቴ ልመለስ። ጌሾውን ከመሐል ሜዳ ገበያ ገዛሁ፣ ገብሱን ቆልቼ አሻሮውን አስፈጨሁ፣ ጠነሰስኩ፣ ደፈደፍኩ። ቀኑን የቆጠርኩት ግን አዲስ አበባ ያለች ጎረቤቴ እንዳስተማረችኝ ነው። የመንዝን የኅዳር ውርጭ ማን አሰበው? ዛሬ ዐሥራ አንድ ነው፣ ነገ በዓሉ፣ ጋኑ ግን ዝም፤ ጠላው አልፈላም። ከጧት ጀምሮ ጆሮዬን እለጥፍበታለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። በጉ ተገዝቷል፣ ዳቦው ተጋግሯል፤ ጠላ የሌለው ማኅበር ግን እዚህ አገር ማኅበር አይባልም።

እትዬ አስካለ እርዳታቸውን እንቢ ስላልኩ እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነበሩ። እኩለ ቀን ላይ ሳይጠሩ ገቡ፣ ጋኑን ዳበሱ፣ ከፍተው አሸተቱ።

“በርዶታል እኮ! ልብስ አልብሺው እንጂ። እዚህ አገር እንኳን ጠላ ሰውም ያለ ባና አያድር።”

ጭድ ከበብንለት፣ አልበቃውም። “ባና የለሽም?” አሉኝ። የለኝም አልኳቸው። ዋሸሁ፣ ደጀኔ። ጥቁሩ ባናህ፣ አባትህ ከገዛ በጎቻቸው ጸጉር አሠርተው የሰጡህ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ካለፍክ ወዲህ ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ጠረንህ እንዳይለቅ አንድ ቀን አላጠብኩትም። እኅትህ ማታ ስለብሰው አይተዋል። ግን አላፋጠጡኝም፤ “እንዳሻሽ” ብለው ወጡ።

ባናውን አቅፌ ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ባናው ጠላ ከነካው አንተ አንተ ማለቱን ያቆማል። ካልሰጠሁት ደግሞ ዐሥራ ሁለት ቤት ስምህን ማንሣት ያቆማል። እያለቀስኩ ጋኑን ጠቀለልኩት፣ በገመድም አሰርኩት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። አረፋው በጋኑ አፍ ወጥቶ ወደ ባናው መንጠባጠብ ጀምሯል። ቀረብ ብዬ አሸተትኩት፤ ጌሾ ጌሾ ይላል። እትዬ አስካለ ተመልሰው አዩና፣ “ቢበዛ ያልጠራ ጉሽ ይሆናል፤ በላቸው ጉሽ ይቀበል እንደሆነ ነገ እናያለን” አሉ። ባናውን አዩት፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወንፊቱን ማጠብ ጀመሩ።

ነገ ቅዳሴ እንዳበቃ ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ዋንጫ የሚቀምሱት ጋሽ በላቸው ናቸው፤ እኔ ከፊታቸው ዐይኔን አልነቅልም። ስምህ ከተጠራ ከሁሉ በላይ ጮኼ አሜን እላለሁ። ካልተጠራም ወር በገባ በዐሥራ ሁለት እኔው እጠራዋለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ። የሆነውን፣ ፊታቸው የተኮማተረ እንደሆነም ሳልደብቅ፣ ከማንም በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ። አሁን ልነሣ፣ እኅትህ ከጓዳ እየተጣሩ ነው።

ሚስትህ